ለእንቁጣጣሽ የተቀባ ግድግዳ

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመጣበትን ጉዳይ እጽፋለሁ። የዚያን ቀን የጻፍኩት «የመኝታ ክፍል ግድግዳ፣ እርጥበት፣ ሻጋታ፣ ታማሚ አለ» የሚል ነው።

ጃንጥላቸውን የሥራ ቦታችን ደጅ ላይ አራግፈው የገቡት ሰው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሳይንስ ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም መምህር ነው የሚላቸው። መጀመሪያ አላወቁኝም። ጉዳያቸውን እየነገሩኝ ሳለ የምጽፍበትን እጄን አዩና ፊታቸው ፈታ አለ።

«አንቺ! ያቺ ዝምተኛዋ አይደለሽም? በግራዋ የምትጽፈዋ?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ይኸው፣ ዛሬም አፍ አላወጣሽም» ብለው ሳቁ።

ያኔ መልሱን እያወቅሁ መናገር አልችልም ነበር። ሌሎቹ መምህራን ያቆሙኝና ክፍሉ ስቆ እስኪጠግብ ይጠብቁኛል። እሳቸው ግን ጠመኔውን ዘርግተው «በይ፣ ጽፈሽ አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ያነቡትና «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ይላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተማርኩ። ሰው ሳይሰማኝ ትክክል መሆን እንደሚቻል ያወቅሁት በእሳቸው ክፍል ነው።

አሁን የምሠራው ክረምት ያበላሸውን ቤት በማድረቅና በመጠገን ነው። ሦስት ነን። አንደኛው ጋሼ የምለው ለሳኝ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ፣ እጁ የማይሳሳት፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ሁለተኛዋ እትዬ የምላት ናት፤ ጭቃ ታቦካለች፣ የበሰበሰ ልስን ታራግፋለች፣ የሚያስቅ ነገር ባይኖር ከየትም ታመጣለች። እኔ በኮንስትራክሽን ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ያጣሁ ነኝ። እርጥበቱን የምመረምረው፣ የምለካውና የምጽፈው እኔ ነኝ።

መመርመሪያ መሣሪያ የለንም። ያለን ፌስታል ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል በመዳፍ ልክ እቆርጥና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቄ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ከታየ ግድግዳው ገና ውሃ እያወጣ ነው። ካልታየ ደርቋል። ይኸው ነው። ጋሼ ይህን ሳደርግ ባየ ቁጥር «እንጂነር ግድግዳውን ቁስል አሠረችው» ይላል።

የመምህሩ ቤት ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጭቃ ቤት ነው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት። እማማ፣ ማለት የመምህሩ ባለቤት፣ አልጋቸው ላይ ሁለት ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር። አስም ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። ከራስጌያቸው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጠቁሯል።

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ» አሉኝ። «ይሄ ግድግዳ እኔ ስስል አብሮኝ ያስላል።»

እትዬ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። «እማማ፣ ይሄማ ግድግዳ አይደለም፤ ያልታጠበ የጠላ ጋን ነው።»

እማማ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ። መምህሩ ጀርባቸውን እየደገፉ ጠበቁ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሐምሌ ላይ ከቤቱ ጀርባ ያለው አሸንዳ ተሰብሮ የጣራው ውሃ ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ ሲወርድ ከርሟል። አሸንዳውን ጋሼ በግማሽ ቀን ጠገነው። ክፋቱ ግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። መምህሩ ከሦስት ዓመት በፊት የቤቱን ውጭ በሲሚንቶ አስለስነዋል። በእኛ ከተማ የጭቃ ቤት ሲሚንቶ ከለበሰ ባለቤቱ ኑሮው ተሻሻለ ይባላል። ጭቃ ግን ውሃ ቢጠጣም ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል። ከውጭ በሲሚንቶ ሲታፈን መተንፈሻው የውስጡ ወገን ብቻ ይሆናል። ያ ግድግዳ የሚተነፍሰው ወደ እማማ ራስጌ ነበር።

ሦስት ፌስታል ለጠፍኩ። ዓርብ ጠዋት ተመልሰን ስንመጣ በሦስቱም ሥር ውሃው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ወርዶ ታች ፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሟል።

መደረግ ያለበትን አውቅ ነበር። የውስጡም የውጩም ልስን ተራግፎ፣ እንጨቱ ታይቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፀሐይና ነፋስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሥራቸውን እንዲሠሩ መተው ነው። ከዚያ በጭድ ጭቃ መምረግ፣ በላዩም ኖራ። እማማ እስከዚያው ሌላ ቤት መተኛት አለባቸው።

«እንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው?» አሉ መምህሩ።

«ሳምንት» አለች እትዬ።

«እንግዲህ ለእንቁጣጣሽ አድርሱልን።»

እማማ ከአልጋቸው ሆነው ጨመሩ። «ክረምቱን ሙሉ ይሄን ጥቁር ነገር ሳይ ከረምኩ። ዘመን ሲለወጥ እንኳ ሌላ ነገር ልይ።»

ይህ የሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። ጳጉሜን ሲገባ ደብረ ታቦር ቀለም ቀለም ትሸታለች። ማንም ቤቱን የክረምት ፊቱን እንደያዘ ወደ አዲስ ዘመን ማሻገር አይፈልግም። ስለዚህ ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ሳይተፋ፣ ዓመቱን ሙሉ ከየትኛውም ቀን ይልቅ በረጠበበት ሳምንት፣ በቀለም ይታሸጋል። አባቶቻችን የሚቀቡት በኖራና በአመድ ስለነበር ግድግዳው በላዩ ይተነፍስ ነበር። እኛ ልማዱን ይዘን ቀለሙን ለወጥን። ዛሬ ይህን ለደንበኞች በአፌ እናገራለሁ። ያዳምጡኛል፤ «እውነትሽን ነው» ይሉኛል፤ ከዚያ ሌላ ቀለም ቀቢ ይጠራሉ። ያን ዓርብ ግን አልተናገርኩም።

ጋሼ ግድግዳውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። «ይደርሳል። ሻጋታውን በበረኪና እናጥባለን፣ ሰኞ ሲሚንቶ እንመታዋለን፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀለም። ዓርብ እንግዳ ይቀበሉበታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይደል እንዴ፣ እንጂነር?»

አራቱም አዩኝ። 

«ትንሽ…» አልኩ።

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ እርጥበት አለው።»

ጋሼ በሳቅ ፈነዳ። «እሱንማ መምህርም አይተው ነው የጠሩን!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሚያሳፍረኝ አብሬ መሳቄ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። የጀርባው ግድግዳ ከጥቅምት መጨረሻ በፊት እንዳይለሰንና ቀለም እንዳይቀባ፤ ሲሚንቶ ጨርሶ እንዳይነካው፤ እንጨቱ ተከፍቶ እንዲታይ፤ ታማሚዋ በዚህ ክፍል እንዳይተኙ። ከሥር ቀኑን ጻፍኩና ፈረምኩ። ቅዳሜ ነሐሴ ሠላሳ፣ ዕቃ ልናስገባ ስንሄድ፣ ለመምህሩ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው?»

«ስለ ግድግዳው ነው። ያንብቡት።»

እትዬ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክማ ስታልፍ አየችን። «ይቺ ልጅ ስትታጭም እሺታዋን በደብዳቤ ነው የምትልከው።»

«ባልየው ማንበብ ካልቻለስ?» አለ ጋሼ ከውስጥ።

«ቆማ ትቀራለቻ!»

መምህሩ ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው ሞከሩት። መነጽራቸው እግሩ ተሰብሮ ለጥገና ሰጥተውት ነበር። «መነጽሬ ሲመጣ አነበዋለሁ» አሉና ጠረጴዛው ላይ ካለው ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ከተቱት። ፋይሉ የእማማ የሐኪም ቤት ወረቀቶች የሚቀመጡበት ነው። ሲከቱት አየሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን ሁለት፣ ስንመጣ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። ወረቀቱን ግን አላነበቡትም። ቢያነቡት ኖሮ ይጠይቁኝ ነበር፤ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ጽሑፍ የለም። ፋይሉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። «መምህር፣ ያን ወረቀት አዩት?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ለራሴ «ጽፌ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ይህች ዓረፍተ ነገር ያን ሳምንት ሙሉ ይዛኝ ዋለች፤ ሲሚንቶው ሲቦካ፣ ጋሼ በልስን ማንኪያው እያፏጨ ሲለስን፣ እማማ ሳሎን ፍራሽ ላይ ሆነው «ደረሰ?» እያሉ ሲጠይቁ።

ማክሰኞ ማታ፣ ከመሄዳችን በፊት፣ አዲሱ ልስን ላይ አንድ ፌስታል ለጥፌ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ራሴ ላጥኩት። ውሃው ወደ እጄ አንጓ ወረደ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ፌስታሉን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩ። ጋሼ ሲገባ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን እየከፈትኩ ነበር።

ቀለሙን የመረጡት እማማ ናቸው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ከሳሎኑ ጋር የሚጋራውም ግድግዳ በሁለቱም ወገን ተቀባ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት እንድመጣ መምህሩ ስለጋበዙኝ ሄድኩ። እማማ ነጭ ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከወንበሩ እያስነሱ መኝታ ቤቱን ያስጎበኛሉ። «ንኩት፣ ንኩት። ሰም እኮ ነው የሚመስለው!» መምህሩ በበኩላቸው ትከሻዬን ይዘው «ተማሪዬ ናት የሠራችው» ይላሉ። ሰዎቹ መረቁኝ። እኔም እንዲነኩ ከተጠየቁት ጋር አብሬ ነካሁት። ይቀዘቅዝ ነበር። ከቀለሙ ሽታ ሥር ያው የጋን ሽታ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሸተተው ሰው መኖሩን አላውቅም። ማታውኑ እማማ ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

መስቀል አለፈ። ሰማዩ ጠራ፣ የከተማው ጭቃ ደረቀ፣ ሰው ብርድ ልብሱን አጥር ላይ ማስጣት ጀመረ። የመምህሩ ቤት ግን በውስጡ ሐምሌን ይዞ ቀረ። መጀመሪያ አረንጓዴው ቀለም አንድ ቦታ ላይ አበጠ። መምህሩ እንደነገሩኝ በጣታቸው ሲጫኑት ፈነዳና ቡናማ ውሃ ወጣው። ከዚያ ሌላ ቦታ አበጠ። ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከቀለሙ ላይ በቀሉ። እማማ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ። ወደ ሳሎን ቢዛወሩም ሳሉ አልተዋቸውም። በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈላቸው በኋላ «እዚህ ቤት ውስጥ እስካሉ ይሄ ምንም አይሠራም» አላቸው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ መምህሩ እንደገና ወደ ሥራ ቦታችን መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እስቲ መጥታችሁ እዩልኝ» አሉ፤ እኛን ያስቸገሩ ይመስል በልመና ድምፅ።

ማክሰኞ ዕለት ግድግዳውን ከፈትነው። ጋሼ መሮውን አስገብቶ ፈልቀቅ ሲያደርገው ሲሚንቶው እንደ አንድ ሰሌዳ ተላቆ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ አሁን የተቦካ ይመስል ነበር። ጭቃውን እትዬ በእጇ እየዛቀች አወጣች፤ ቋሚዎቹ ታዩ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ነበሩ፤ ጠቁረዋል። ጋሼ አንዱን በመሮ ወጋ አደረገው። መሮው ያለ ድምፅ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ቀጣዩንም ሞከረ። ቀጣዩንም። ከስድስቱ አንድም የጠና አልተገኘም።

እትዬ ቁራጭ አንስታ በጣቶቿ መሃል ፈተገችው። «ይሄ እንጨት ነበር?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ ስትናገር ሰማኋት።

ጣራው እንዳይወርድ በሁለት ጠንካራ ግንድ ደገፍነው። ሲጨርስ ጋሼ ደጅ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ቆምኩ።

«ያኔ ትንሽ እርጥበት አለው ብለሽ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ትንሽ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ መሮውን በሣር ጠረገው። «እኔ አፌ ሰፊ ነው። አንቺ ደግሞ አፍ የለሽም» አለ። «ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንወጣም።»

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ እማማን ይፋግ ወዳሉት እህታቸው ለመውሰድ ተወሰነ። አገሩ ቆላ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ደረት ያሳርፋል ተባለ። እህትየው ቤት የሚተርፈው አንድ አልጋ ነው። መምህሩም ቢሆኑ ጀርባው የተከፈተ ቤት ጥለው መሄድ አይችሉም። ከተጋቡ ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። መንገድ ላይ ጎረቤት በጠየቃቸው ቁጥር መምህሩ «ለገና ትመለሳለች» ይሉ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

የእማማን ሻንጣ ይዤ እስከ መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ ይፋግ የሚያሸጋግረው የወረታው ሚኒባስ እስኪሞላ እማማ መስኮቱ ጥግ ተቀመጡ፤ መምህሩና እኔ ውጭ ቆምን። እማማ የሚወስዱት መድኃኒት ማዘዣ አብሮ መምጣቱን ሊያዩ ሰማያዊውን ፋይል ጭናቸው ላይ ከፈቱት።

ወረቀቴን ከታጠፈበት ሲዘረጉት ገና አወቅሁት። እማማ ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣታቸውን ከሥር እያስኬዱ ድምፅ አውጥተው ነው የሚያነቡት።

«የጀርባው… ግድግዳ… ከጥቅምት… መጨረሻ… በፊት… እንዳይለሰን።» ቀና ብለው አዩኝና ቀጠሉ። «ሲሚንቶ… ጨርሶ… እንዳይነካው። ታማሚዋ… በዚህ… ክፍል… እንዳይተኙ።» ቆሙ። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «ነሐሴ… ሃያ… ዘጠኝ።»

ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየች።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

እንደገና ወረቀቱን አዩት። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ለማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል። አፍሽን ምን ነካው?»

 መምህሩ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ በእጥፋቱ አጥፈው የካፖርታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሞተሩ ተነሣ። እማማ ለኔ «እሳቸውን እያየሽልኝ» አሉ። «ግድግዳ አደርቃለሁ ሲሉ ራሳቸው እንዳይደርቁ።» ከዚያ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ መምህሩ ያን እጅ ይዘው ጥቂት እርምጃ አብረው ሄዱ።

ስንመለስ እስከ በራቸው ድረስ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ቁልፉን ይዘው ቆሙ።

«ጽፈሽ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

«ጽፈሽ አሳዪኝ እያልኩ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ሳላነብ የቀረሁትም እኔ ነኝ።»

«አይደለም፣ እኔ…» ብዬ ቀረሁ። ያን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

መምህሩ ገቡና ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። የሚያስቡት ገብቶኝ ነበር። መኝታ ቤቱ አልቆለታል። ግን ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ደረቅ ከሆነ፣ የኋላውን ክፍል አፍርሶ ሳሎኑን ብቻ ማትረፍ ይቻላል። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ይበቃል። እማማ ለገና ይመለሳሉ።

«እስቲ ፌስታልሽን ለጥፊልኝ» አሉ። «ነገ ጠዋት እናየዋለን።»

አንዱን ከወለሉ አጠገብ፣ አንዱን በወገቤ ልክ፣ አንዱን በራሴ ልክ ለጠፍኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ዙሪያውን ተጫንኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ ለዓመታት ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ተሳለምኩ። የለመንኩት ስለ ፌስታል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚለመን አላውቅምና ቶሎ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከቤቱ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። መምህሩ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ለግድግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ያለ አንቺ አላየሁትም» አሉ።

ማየት አያስፈልግም ነበር፤ ከበሩ ይታያል። የታችኛው ፌስታል በውሃ ነጥቷል። የመካከለኛውም። የላይኛው ላይ፣ በራሴ ልክ ባለው፣ ጠብታዎቹ ደቃቅ ነበሩ፣ ግን ነበሩ። ቢሆንም ወደ ግድግዳው ሄድኩና ሦስቱንም አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ ቆየሁ። ደብተሬ በእጄ ነበር።

«ጠመኔ የለኝም» አሉ ከኋላዬ። «በአፍሽ ንገሪኝ።»

ዞርኩ።

«አልደረቀም።»

«ትንሽ ነው?»

«ትንሽ አይደለም፣ መምህር። ውሃው በመሠረቱ በኩል አልፎ ሳሎኑ ደርሷል። በዚህ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ቋሚዎችም እንደ ኋላዎቹ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ለገና አይደርስም። እማማ እዚህ ቤት መተኛት የለባቸውም፤ ለገናም፣ ከዚያ በኋላም። የሚመጣውን ክረምት ቤቱ አይችለውም።»

በሕይወቴ ለማንም ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ ባይንቀጠቀጥ ምን ያደርጋል።

 መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጎበዝ» አሉ። «ተቀመጪ።»

ወደ ሳሎን የተዛወረውና አሁን ፍራሹ የተነሳው የእማማ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ለይፋግ መደወል አለባቸው፤ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነበር፤ አላነሱትም። ውጭ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች፤ ለግድግዳ ማድረቂያ የሚመኙት ዓይነት ጥሩ ፀሐይ። ተነሳሁና ጋሼ የተወውን መሮ አንስቼ፣ ያን ዓርብ ወረቀቱ ላይ «እንጨቱ ተከፍቶ ይታይ» ብዬ እንደጻፍኩት፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ ጀምሬ አረንጓዴውን ቀለም መላጥ ጀመርኩ። ጉልበት አልጠየቀኝም። በሰፊ በሰፊው፣ በእጅ ሲሳብ፣ ይለቅ ነበር።